ሴራሚክ ውሃ ያግዳል ያለው ማነው?

ነገሩ የጀመረው ከቁምሳጥኑ ነው። እናቴ ለመስቀል የምትለብሰውን ቀሚስ ልታወጣ ስትከፍተው ሻጋታ ሸተታት። ጥለቱ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ወጥቷል። ቁምሳጥኑን ሳብ አድርገን ግድግዳውን ስናየው ቀለሙ አብጦ ተላልጧል። ከግድግዳው ማዶ ያለው ሻወር ቤታችን ነው። ገና ሁለት ዓመቱ። ሴራሚኩ ያብለጨልጫል፤ ቤታችን የገባ እንግዳ ሁሉ ያደነቀው ነው። ላዩ አምሮ ውስጡን ለቄስ ማለት ይኸው ነው።

ሰው ጠራን። በሴራሚኮቹ መሀል ያለውን ግራውት ፍቆ አውጥቶ በአዲስ ሞላው። ከወር በኋላ እርጥበቱ ተመለሰ። ሁለተኛ ሰው መጣ። ማዕዘኑን ሁሉ ሲደርቅ እንደ ጎማ በሚለጠጥ ሲሊከን ለጠፈው፣ ከላዩ የሚያብረቀርቅ ነገር ቀባበት። ገንዘቡን ይዞ ሄደ፤ እርጥበቱ ግን ቀረ። ሦስተኛው ዕድሜ የጠገበ ባለሙያ ነበር። መሣሪያ እንኳ አላወጣም። ከኪሱ የአንድ ብር ሳንቲም አውጥቶ ግድግዳውን ያንኳኳ ጀመር። ከዚያ ወደ እናቴ ዞሮ፣ «እታለም፣ ሴራሚክ ጌጥ ነው። ውሃ የሚያግደው ከጀርባው ያለው ነው። እዚህ ደግሞ ከጀርባው ምንም የለም» አላት።

ይቺን አንድ ነገር ቀድመን ብናውቅ ኖሮ ሁለት ጊዜ ባልከፈልን።

የሻወር ግድግዳ ከውስጥ ወደ ውጭ ሲታይ እንዲህ ነው። ብሎኬት አለ። በላዩ ልስን። ከዚያ የውሃ መከላከያ ቅብ መኖር አለበት። ከዚያ ማጣበቂያው፣ ከዚያ ሴራሚኩ፣ በመሀል መሀሉ ግራውቱ። ሴራሚኩ ራሱ ከፊቱ ውሃ አያሳልፍም፤ ልክ ነው። ግራውቱ ግን በአብዛኛው ሲሚንቶ ነው፤ ሲሚንቶ ደግሞ በዓይን የማይታይ ቀዳዳ ሞልቶታል። ምንም ያህል ጎበዝ ሰው ቢሞላው ጥቂት ውሃ ያስገባል። ይህ ጥፋት አይደለም፤ ባህሪው ነው። ጥፋቱ የገባውን ውሃ ከኋላ የሚቀበለው ነገር አለመኖሩ ነው። ቅቡ ከሌለ ውሃው ልስኑን አልፎ ብሎኬቱ ውስጥ ይገባል። ጋዝ በኩራዝ ክር ላይ ሽቅብ እንደሚወጣ ሁሉ፣ እርጥበትም በብሎኬትና በልስን ውስጥ ወደ ጎንም ወደ ላይም ይሄዳል። ለዚህ ነው ችግሩ ሻወር ቤት ሆኖ ምልክቱ መኝታ ቤት የሚወጣው።

ሦስተኛው ባለሙያ እየሠራ ሳለ አንድ ነገር ብሎኝ ነበር። የከተማችን የጎንደር የፋሲል መዋኛ ለጥምቀት ከቀሃ ወንዝ ውሃ ተሞልቶ ያንን ሁሉ ሕዝብ ሲያጠምቅ አንድ ሴራሚክ የለበትም፤ ድንጋይና ኖራ ነው። «እኛ ደግሞ ሴራሚክ ለጥፈን ሁለት ባልዲ ውሃ መያዝ አቃተን» ብሎ ሳቀ። እኔ ግን ገንዘቤን እያሰብኩ ስለነበር አልሳቅኩም።

እንግዲህ ግድግዳችሁ ከረጠበ፣ ሴራሚክ ከመንቀላችሁ በፊት አንድ ጥያቄ መልሱ፤ ውሃው የሚመጣው ከቧንቧ ነው ወይስ ከመታጠቢያው? ሁለቱ ፈጽሞ የተለያየ ሥራ ናቸው፤ ቧንቧ ፈንድቶ ግራውት መቀየር ገንዘብ መጣል ነው።

መለያው ቀላል ነው። የረጠበውን ቦታ ዳር ዳሩን በእርሳስ አስምሩበትና ቀን ጻፉበት። ከዚያ ለአንድ ሁለት ሳምንት ሻወሩን ተዉት። በጆግና በሳፋ መታጠብ ለጎንደር ሰው አዲስ ነገር አይደለም፤ ውሃ ሲጠፋ የለመድነው ነው። እርጥበቱ ከእርሳሱ መስመር ወደ ውስጥ እየሸሸ ከደረቀ ጥፋቱ የመታጠቢያው ነው። ባለበት ከቀጠለ ወይም ከመስመሩ ከወጣ ቧንቧውን ጠርጥሩ።

በፈረቃ ውሃ የሚያገኝ ሰፈር ያለ ሰው ተጨማሪ ፍንጭ አለው። እርጥበቱ ውሃ በመጣ ማግስት ብቻ የሚብስ ከሆነ፣ የሚያፈሰው በቀጥታ ከዋናው መስመር የሚመጣው ቧንቧ ሊሆን ይችላል። ሮቶ የሚሰጠው ግፊት ትንሽ ነው። ውሃው 10 ሜትር ከፍ ሲል ነው 1 ባር የሚሆነው፤ ከሻወሩ 4 ሜትር ከፍ ብሎ የተቀመጠ ሮቶ ግፊቱ 0.4 ባር ብቻ ነው። በዋናው መስመር ግፊት የሚያፈስ ቀዳዳ በሮቶ ግፊት ዝም ሊል ይችላል። ከሮቶ በኋላ ያለውን መስመር ለመፈተሽ ደግሞ ማታ ቧንቧዎችን ሁሉ ዘግታችሁ፣ ወደ ሮቶው የሚገባውንም ዘግታችሁ፣ የውሃውን ልክ ምልክት አድርጉ። ጠዋት ከወረደ ውሃው በሆነ ቦታ እየሄደ ነው።

ጥፋቱ የመታጠቢያው ከሆነም ወዲያው መዶሻ አታንሱ። መጀመሪያ የሻወሩን መክፈቻ ከግድግዳው ጋር የሚያገናኘውን ክብ ክዳን ፍቱት። አብዛኛውን ጊዜ ከጀርባው ሴራሚኩ በጉልበት የተሰበረ ሰፊ ቀዳዳ ታገኛላችሁ፤ ምንም አልተሞላም፣ ውሃ በቧንቧው ዙሪያ ቀጥ ብሎ ይገባል። ይህ ከሆነ ዕድለኛ ናችሁ። ቀዳዳውን አድርቃችሁ በሲሊከን መሙላት የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። እኛ ዕድለኞች አልነበርንም።

ቀጥሎ ወለሉን በውሃ መፈተሽ ነው። የውሃ ማስወጫውን በጨርቅና በፕላስቲክ አጥብቃችሁ ድፈኑ። ወለሉ ላይ 5 ሳንቲሜትር ያህል ውሃ ሙሉ፤ ልኩን በእርሳስ አስምራችሁ 24 ሰዓት ተዉት። 90 በ90 ለሆነች ሻወር 40 ሊትር ግድም ይበቃል። ሁለት ጀሪካን ማለት ነው። «በዚህ በውሃ ጭንቅ!» የሚል አይጠፋም፤ እናቴም ብላለች። ግን ውሃው አይባክንም፤ በማግስቱ በባልዲ ተቀድቶ ሽንት ቤት ይለቀቅበታል። ጥቂት ሚሊሜትር በትነት ሊቀንስ ስለሚችል በጎን አንድ ባልዲ ውሃ አስቀምጣችሁ አወዳድሩ። ባልዲው ከቀነሰው በላይ ወለሉ ከቀነሰ ወለሉ ያፈሳል። ወለሉ ደህና ከሆነ ወደ ግድግዳው ሂዱ። ከታች ጀምራችሁ በየከፍታው ሩብ ሰዓት ያህል ውሃ እያፈሰሳችሁ ማዶውን እዩ። ከላይ ከጀመራችሁ ውሃው ቁልቁል ስለሚወርድ የትኛው ቦታ እንዳስገባ አይታወቅም።

ፈተናው ወድቆ ከጀርባ ቅብ እንደሌለ ከተረጋገጠ፣ የማይወደደውን ነገር ልናገር። ከላይ የሚቀባ መድኃኒት የለም። ግራውት የሚያደነድን ቅባት እድፍ ይከላከል እንደሆነ እንጂ የሌለ መከላከያ አይተካም። መንቀል ነው።

አዲስ ለሚሠራ ሰው ግን ነገሩ ርካሽ ነው። ዋናው የሥራ ቅደም ተከተል ነው። ወለሉ ወደ ማስወጫው ለእያንዳንዱ ሜትር 2 ሳንቲሜትር ያህል ይውረድ። ይህ ተዳፋት መሠራት ያለበት ከቅቡ በፊት ነው። ብዙ ቦታ ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። ወለሉን ጠፍጣፋ አድርገው ይቀቡታል፤ ተዳፋቱን በኋላ በማጣበቂያው ውፍረት ያመጡታል። ላዩ ይፈሳል፤ ከሥር የገባው ውሃ ግን ጠፍጣፋው ቅብ ላይ ተኝቶ ይከርማል። ቅቡ ራሱ ሁለት ጊዜ ይቀባ፤ አንዱ ከላይ ወደ ታች ከሆነ ሁለተኛው ከግራ ወደ ቀኝ። ግድግዳና ወለል የሚገናኙበት ማዕዘን ላይ መረብ ወይም ማጠናከሪያ ጨርቅ ይግባበት፤ ቤት ሲሰነጠቅ መጀመሪያ የሚለቀው እዚያ ነው። ከፍታው ውሃ የሚረጭበት ግድግዳ ላይ ከሻወሩ ራስ ይለፍ፤ ሌላው ግድግዳ ላይ ቢያንስ 15 ሳንቲሜትር ይውጣ። ሴራሚክ ከመለጠፉ በፊት ያቺኑ የሁለት ጀሪካን ፈተና አድርጉ። ያኔ ቢያፈስ የምታጡት አንድ ቀን ነው። የወለሉን ተዳፋት ደግሞ ሴራሚኩ ካለቀ በኋላ በልጆች ብይ ሞክሩት። ብዩ ወደ ማስወጫው ካልተንከባለለ ውሃውም አይሄድም።

ወደ ሳንቲሙ ልመለስ። ባለሙያው ሲያንኳኳ የሚያዳምጠው ድምፅ ነበር። ሙሉ የተጣበቀ ሴራሚክ ደፈን ያለ ድምፅ አለው። ከጀርባው ባዶ የሆነው እንደ ከበሮ ያስተጋባል። የእኛ ግማሹ ከበሮ ነበር። ምክንያቱ እኛ አገር የተለመደው አለጣጠፍ ነው። ሴራሚኩን ውሃ ውስጥ ነክሮ ማሳደር፣ ከዚያ ከጀርባው መሀል ላይ አንድ ጉብታ የሲሚንቶ ብጥብጥ አድርጎ መጫን። መሀሉ ይይዛል፤ አራቱ ጥግ ባዶ ይቀራል። በዚያ ባዶ ቦታ ውሃ ይጠራቀማል፤ እቃ ሲወድቅበትም ጥጉ ይሰበራል።

መንከሩ በራሱ ሞኝነት አልነበረም። የድሮው የግድግዳ ሴራሚክ ከክብደቱ ከ10 በመቶ በላይ ውሃ ይጠጣል፤ ካልነከሩት የሲሚንቶውን ውሃ መጦ ያደርቀዋል። አሁን ገበያውን የሞላው ፖርሰሊን የሚባለው ድፍን የሴራሚክ ዓይነት ግን የሚጠጣው ከ0.5 በመቶ አይበልጥም። ብትነክሩት አይጠጣም፤ ከጀርባው እርጥብ ሆኖ ብጥብጡን ያንሸራትተዋል። ተራ የሲሚንቶ ብጥብጥም አጥብቆ አይዘውም። ለእሱ በከረጢት የሚሸጠው የሴራሚክ ማጣበቂያ ያስፈልጋል፤ ጥርስ ባለው ብረት ተስቦ፣ ሴራሚኩ ተጭኖበትና ወዲያ ወዲህ ተገፍቶ። ውሃ በሚነካው ቦታ ከጀርባው ቢያንስ 95 በመቶው መያዝ አለበት። ማረጋገጫው ቀላል ነው። ሥራው በተጀመረ በመጀመሪያው ሰዓት አንዱን ሴራሚክ አስነሥታችሁ ጀርባውን እዩ። ሠራተኛው ቅር ይለው ይሆናል። የሚከፈለው በካሬ ስለሆነ ማንሣት ለእሱ ጊዜ ነው። ቢሆንም አስነሡ፤ ሻይ ግዙለት።

አንድ የአየር ጉዳይም አለ። በየካቲትና በመጋቢት ጎንደር ደረቅ ነፋስ አለው። ግድግዳው ላይ የተቀባ ማጣበቂያ ፊቱ ቶሎ ይደርቃል፤ ከሥሩ እርጥብ ቢሆንም ላዩ ቆዳ ያወጣል። በጣት ነክታችሁት ካልተጣበቀባችሁ ጊዜው አልፏል፤ ተፍቆ ይውጣ። ውሃ ጨምሮ ማለስለስ አይሆንም። ባንድ ጊዜ አንድ ካሬ ብቻ መቀባት ይሻላል።

አሁን ወደ መስታወቱ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ሻወር ቤት ውስጥ አንድ መስመር የመስታወት ሞዛይክ ማስገባት ፋሽን ሆኗል። ያምራል፤ አልክድም። እህቴ አዘዞ ላሠራችው ቤት ሰማያዊ ገዝታ፣ የሴራሚኩን የለጠፈው ሰው በዚያው ማጣበቂያ ለጠፈላት። ከሁለት ወር በኋላ መስታወቱ ውስጥ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደረ ጥላ ታየ። ሰማያዊውም ወደ ግራጫ አደላ። እድፍ መስሏት ፈተገችው። እድፍ አልነበረም፤ የማጣበቂያው ጥርስ ነው።

መስታወት ብርሃን ያሳልፋል፤ ስለዚህ ከኋላው ያለውን ሁሉ ያሳያል። ግራጫ ሲሚንቶ ካለ ቀለሙን ያጠቁራል። የብረቱ ጥርስ ያወጣው መስመር ካልተደመሰሰ መስመሩ ይታያል። በመስመሮቹ መሀል አየር ከቀረ፣ ውሃ ገብቶ ቦታው ይጠቁራል፤ ሲደርቅ ይነጣል፤ ሲታጠቡ ደግሞ ይጠቁራል። መፍትሔው ነጭ ማጣበቂያ ነው። መጀመሪያ በጥርሱ ይሳባል፤ ከዚያ በብረቱ ለስላሳ ጎን መስመሩ ይደመሰሳል፤ ከዚያ ሞዛይኩ ይለጠፋል። ከጀርባው ምንም ባዶ መቅረት የለበትም። ማጣበቂያው ለመስታወት የሚሆን መሆኑ ከረጢቱ ላይ ይነበብ። መስታወት ውሃ ፈጽሞ ስለማይጠጣ ተራው አይዘውም።

ሁለተኛው የመስታወት ጣጣ መሰንጠቅ ነው። መስታወት ሲሞቅ ከሴራሚክ የበለጠ ይለጠጣል። የ30 ዲግሪ ልዩነት 1 ሜትር መስታወትን በሩብ ሚሊሜትር ግድም ያስረዝመዋል። ትንሽ ይመስላል፤ ግን ጎንደር ከባህር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ የጠዋቱን ብርድ ታውቁታላችሁ። በዚያ ቀዝቃዛ ግድግዳ ላይ የቦይለር ውሃ ሲለቀቅ መስታወቱ መሄጃ ይፈልጋል። ጥግ ላይ በግራውት ድርቅ ተደርጎ ከታሰረ ወይ ይሰነጠቃል ወይ ይነሣል። ስለዚህ ግድግዳና ግድግዳ፣ ግድግዳና ወለል የሚገናኙበት ቦታ ሁሉ በግራውት ሳይሆን በሲሊከን ይሞላ። ይህ ለሴራሚክም ይሠራል። ለቧንቧ መውጫ የሚቆረጥ መስታወት ላይም ጥንቃቄ አለ። ሹል ማዕዘን አድርገው ከቆረጡት ስንጥቁ ከዚያ ጥግ ይጀምራል። መጀመሪያ ጥጉ ላይ በመሰርሰሪያ ክብ ቀዳዳ ይበሳ፤ ከዚያ እስከ ቀዳዳው ይቆረጥ። መቁረጫውም የመስታወት የአልማዝ ምላጭ ይሁን፤ ውሃ እየነካው።

ስትገዙ ደግሞ ይቺን አድርጉ። ቅዳሜ ገበያም ሆነ ሌላ ሱቅ ስትሄዱ አንድ ቁራሽ ሞዛይክ ለምኑ። ቤት ወስዳችሁ አንድ ቀን ሙሉ ውሃ ውስጥ አሳድሩት። ሞዛይኮቹን ከጀርባ የያዘው መረብ ሙጫው ከሟሟና ቁርጥራጮቹ ከለቀቁ፣ ያ ዕቃ የወጥ ቤት ግድግዳ ዕቃ ነው። ከጀርባው የተቀባው ቀለም ከተላጠም እንደዚያው።

ትዕግሥትም ይጠይቃል። ከፊት መስታወት፣ ከኋላ የውሃ መከላከያ ቅብ ሲሆን ማጣበቂያው በመሀል ታፍኖ ይደርቃል፤ ቀስ ብሎ። አንዳንድ አምራቾች ሻወሩ ከመከፈቱ በፊት ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ጠብቁ ይላሉ። እህቴ በሦስተኛው ቀን ታጥባበታለች። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

ግራውቱ እንደ ዱቄት የሚረግፍባችሁ ከሆነ፣ ሲቦካ ውሃ በዝቶበታል ወይም ሲጸዳ በሚንጠባጠብ ስፖንጅ ታጥቧል። ተፍቆ እንደገና ይሞላ። ከ3 ሚሊሜትር ለሰፋ ክፍተት አሸዋ ያለበት፣ ለጠበበ አሸዋ የሌለበት ይሁን። አሸዋ ያለበት መስታወትን ሊጭር ስለሚችል መጀመሪያ በማይታይ ጥግ ሞክሩት።

ግራውቱ ላይ ነጭ ነገር ሲወጣ ሰው ሁሉ «ጨው ነው» ይላል። ልክ ነው። ውሃ በሲሚንቶው ውስጥ ሲያልፍ ኖራውን ይዞ ይወጣል፤ አየር ሲያገኘው ይነጣል። አንዴ ወጥቶ ከጠፋ ችግር የለውም። እየፈተጋችሁት በየወሩ ከተመለሰ ግን ከጀርባ ውሃ እየተመላለሰ ነው፤ ወደ ላይኛው ፈተና ተመለሱ። ለማጽዳት መጀመሪያ ቦታውን በንጹህ ውሃ አርሱት፤ ከዚያ በውሃ የቀጠነ አቼቶ ይበቃል። ቶሎ ይታጠብ፤ አሲድ ግራውቱንም ይበላል። እዚህ ላይ አደራ የምለው አለ። አቼቶንም ሆነ ሌላ አሲድ ከበረኪና ጋር እንዳትቀላቅሉ። የሚወጣው ክሎሪን የሚባል መርዛማ ጋዝ ነው፤ መስኮት በሌላት ጠባብ ሻወር ቤት ውስጥ ሳንባ ይጎዳል። አንዱ ካልሠራ በላዩ ሌላውን የመድፋት ልማድ አለን፤ ይቅርብን።

ሽታ ከሴራሚክ ጋር አይገናኝም፤ ግን ሁሌ የምጠየቀው ስለሆነ ልንገራችሁ። ከወለሉ ማስወጫ ሥር የታጠፈ ቧንቧ አለ። በውስጡ የሚቀረው ውሃ የፍሳሹን ሽታና በረሮውን ያግዳል። ውሃ ጠፍቶ ሻወሩ ለሳምንታት ካልሠራ ያ ውሃ ይተንናል። አንድ ጆግ ውሃ ጨምሩበት፤ ያበቃል። ካላበቃ የታጠፈው ቧንቧ ጭራሽ አልተገጠመም ማለት ነው፤ ያም አዲስ ቤት ውስጥ ያጋጥማል።

የእኛ ሻወር ተነቅሎ፣ ተቀብቶ፣ ተፈትኖ እንደገና ተለጠፈ። መኝታ ቤቱን ወዲያው ቀለም ልቀባ ብል ባለሙያው ከለከለኝ። ውሃ የጠጣ ብሎኬት በሳምንት አይደርቅም፤ ወራት ይፈልጋል። የሚታወቀው እንዲህ ነው። መዳፍ የሚያክል የሚያሳይ ፕላስቲክ ግድግዳው ላይ ዳሩን በሙሉ በፕላስተር አሽጎ መለጠፍ። በማግስቱ ከውስጥ ጤዛ ካወጣ ገና ነው። የእኛ እስከ ጥር ድረስ ጤዛ ሲያወጣ ነበር። አሁን ደርቆ ተቀብቷል። ቁምሳጥኑ ግን ሳሎን ነው ያለው። እናቴ ወደ ቦታው እንዲመለስ አልፈቀደችም።